ኒኮላውስ ሃርኖንኩርና የጠፋው ንባብ

በ1829 ዓ. ም. በመጋቢት ወር በበርሊን ከተማ ፌሊክስ ሜንደልስዞን የሚባል የ20 ዓመት ጐልማሳ፥ የዮሐን ሴባስትያን ባኽን ድርሰት፥ «ሕማማት ዘማቴዎስ» የተባለውን፥ ለሕዝብ አሰማ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ባኽ ከሞተ 79 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ድርሰቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ባኽ ከኖረበት ከላይፕሲክ ከተማ ውጭ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሰው እጅግ ተደነቀ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ የባኽ ስም እንደ ገና ተነሣ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን የተሰማው ባኽ ራሱ የሚያውቀው ዜማ አልነበረም። ባኽ በቤተ ክርስቲያን ጥቂት ልጆችና ጐልማሶች ይዞ ያዘመረውን ሜንደልስዞን ከ150 በሚበልጡ መዘምራን አዘመረው፤ ብዙውን ክፍል ቈርጦ አስቀረው፤ የሚነፋቸው ሰው የታጣላቸውን አሮጌ መሣሪያዎች በዘመኑ መሣሪያ ለወጣቸው። ይህን ያደረገው ድርሰቱን ንቆ ሳይሆን ወዶ ነው። ሌላ መንገድም አልነበረውም፤ ጽሑፉ ተገኝቶ ነበርና፥ ንባቡ ግን ጠፍቶ ነበር።

«ጽሑፍ ሳለ ንባብ እንዴት ይጠፋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የኤውሮፓ ሰዎች ኖታ በሚሉት የዜማ ጽሕፈት እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፥ ምን ያህል ጊዜም እንደሚቈይ ተጽፎአል። የትኛው ድምፅ ጠንክሮ የትኛው ለስልሶ እንደሚነገር፥ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፥ እኩል ሆነው ከተጻፉ ከሁለት ድምፆች የትኛው ረዘም የትኛው አጠር እንደሚል፥ ተጫዋቹ ከራሱ ምን ጌጥ እንደሚጨምር ግን ባኽና የዘመኑ ሰዎች እምብዛም አልጻፉትም። የሚጽፉት ለሩቅ ሰው አልነበረምና። ደራሲው ይጽፍ የነበረው በየቀኑ ለሚያያቸው ለከተማው ተጫዋቾችና ለገዛ ደቀ መዛሙርቱ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መጻፍ ደግሞ ቀለም ማባከን ነበር። የዜማ ምልክት የተማረ አንባቢያችን ለዚህ ነገር ረጅም ማስረጃ አይፈልግም። ድጓን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን በዓይኑ ቢያየው ምን ሊያዜም ይችላል? በኤውሮፓ ያ ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት ባኽ ከሞተ በኋላ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ተቋረጠ። የተቋረጠውን ለመቀጠል ዕድሜውን ሙሉ የደከመውን ሰው፥ የኒኮላውስ ሃርኖንኩርን ታሪክ ነው ዛሬ የምንጽፈው።

አስቀድሞ ስለ ዘመኑ ስም ጥቂት ቃል እንናገር። ከ1600 ገደማ እስከ 1750 ድረስ ያለውን የኤውሮፓ ሙዚቃ ሊቃውንት ባሮክ ይሉታል። ቃሉ ከፖርቱጋል ቋንቋ የመጣ ሆኖ ቅርጹ ያልተስተካከለ ዕንቍ ማለት ነው ይባላል፤ በመጀመሪያም የነቀፋ ስም ነበር፤ በኋላ የክብር ስም ሆነ። በኢጣልያ ሞንቴቬርዲና ቪቫልዲ፥ በፈረንሳይ ሊዩሊና ራሞ፥ በእንግሊዝ ፐርሰል፥ ከጀርመንም ባኽና ሄንደል የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ኒኮላውስ ሃርኖንኩር በኅዳር መጨረሻ፥ በኤውሮፓ ቍጥር ታኅሣሥ 6 ቀን 1929 በበርሊን ተወለደ። አባቱ በዚያ ከተማ በመሐንዲስነት ሥራ ላይ ስለ ነበረ ነው እንጂ ቤተ ሰቡ በቀድሞ አጠራር ነምሳ የምንላት የኦስትሪያ ሰዎች ነበሩ። እናቱ የአርክዱክ ዮሐን አራተኛ ትውልድ ናት። ይህ ዮሐን የንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ 2ኛ ልጅ ሲሆን፥ ሜንደልስዞን የባኽን ድርሰት ባሰማበት በዚያው በ1829 የአንድ የፖስታ ቤት ሹም ልጅ አገባ፤ ስለዚህም ዘሮቹ የንጉሥ ቤት መዓርግ ቀርቶባቸው የሜራን መሳፍንት ተብለው ቀሩ። ሕፃኑ ኒኮላውስ ያደገው በግራዝ ከተማ በእነዚሁ መሳፍንት ቤት ነው። ታናሽ ወንድሙ ፊሊፕ ኋላ ቄስና የሥርዓተ ቅዳሴ ሊቅ ሆኖአል። ቤቱ የዜማ ቤት ነበር፤ አባት ከልጆቹ ጋር ይጫወት ነበርና። ልጁ ግን ቼሎ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ እየተማረ ሳለ ልቡ ወደ እንጨት ሥራ አዘንብሎ አሻንጉሊት ይቀርጽ፥ የአሻንጉሊት ቴአትርም ያሳይ ነበር። ታሞ ተኝቶ ሳለ የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ በፉርትቬንግለር መሪነት ሲነገር በራዲዮ ሰማ፤ በዚያን ጊዜ ሕይወቱን ለሙዚቃ ለመስጠት እንደ ቈረጠ ኋላ ራሱ ተናግሮአል።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደ ቪየና ሄዶ በሙዚቃ አካዳሚ ኤማኑኤል ብራቤክ ከሚባል መምህር ቼሎ ተማረ። በዚያው አካዳሚ ዮሴፍ ሜርቲን የሚባል ሌላ መምህር ነበረ፤ እርሱም ተማሪዎችን ሰብስቦ የቀድሞውን ዘመን ሙዚቃ በቀድሞው መሣሪያ ይሞክር ነበር። ሃርኖንኩር በዚያ የኋላ ሚስቱን፥ ቫዮሊን ተጫዋቿን አሊስ ሆፍልነርን አገኘ። በ1949 ከጓደኞቹ ጋር አራት ሆነው ቪዮላ ዳ ጋምባ የሚባለውን፥ በጉልበት መካከል ተይዞ የሚመታውን አሮጌ መሣሪያ አነሡ። ባኽ ከሞተ 200 ዓመት በሞላበት በ1950ም በዚህ መሣሪያ የባኽን «የፉጋ ጥበብ» ተጫወቱ። በዚያው ዓመት በሐምቡርግ ደራሲው ፓውል ሂንደሚት ንግግር አድርጎ፥ የባኽ ዜማ ባኽ በጻፈበት ዘመን መሣሪያና ሥርዓት ቢነገር እንደሚሻል አሳስቦ ነበር። ሂንደሚት ራሱ በ1954 በቪየና የሞንቴቬርዲን «ኦርፌዎ» በአሮጌ መሣሪያዎች ሲመራ ሃርኖንኩር ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበረ።

የዕለት እንጀራው ግን ከሌላ ቦታ ነበር የሚመጣው። በ1952 ሄርበርት ፎን ካራያን ለቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋቾች በመረጠ ጊዜ ሃርኖንኩርን ተቀበለው። በዚያም ወንበር 17 ዓመት ተቀመጠ። ይህን ቍጥር አንባቢ በችኰላ አይለፈው። የዚህ ሰው ዕድሜ የተከፈለው በሁለት ነበር፤ ቀን በኦርኬስትራው ተቀምጦ መሪው ያዘዘውን ይጫወታል፤ ከዚያ የተረፈው ሰዓት ደግሞ ቀን የተጫወተው ነገር ሁሉ ትክክል ስለ መሆኑ የሚጠራጠርበት ነበር። በ1953 አሊስን አገባ፤ በዚያው ዓመት ከእርስዋና ከጥቂት የኦርኬስትራ ጓደኞች ጋር ኮንሰንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን ማኅበር አቆመ። ከደመወዛቸው እየቈጠቡ አሮጌ መሣሪያ ይገዙ ነበር፤ በገዛ ቤታቸውም ይሰበሰቡ ነበር። ለሕዝብ የቀረቡት በ1957 ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሚያጨበጭብላቸው ሰው ሳይኖር ተለማመዱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዘመን ሃርኖንኩር በፊታቸው ቆሞ እጁን አያነሣም ነበር፤ ቼሎውን ይዞ ከመካከላቸው ተቀምጦ ነበር የሚመራቸው። መሪ ከሆነ በኋላም ቀጭኑን የመሪ በትር አልያዘም፤ በባዶ እጁና ትልልቅ ሆነው በሚፈጡት ዓይኖቹ ነበር የሚያዝዝ።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የዛሬ ቫዮሊን አውታር በአብዛኛው ከብረት ወይም በብረት ከተጠቀለለ ነገር የተሠራ ነው፤ የባኽ ዘመን ቫዮሊን አውታር ግን ከበግ አንጀት ነበር፤ ድምፁም ያነሰ፥ ለጆሮ ግን ቃልን የሚያስለይ ነው። ደጋኑም አጭርና ወደ ውጭ የጐበጠ ስለ ነበረ መካከሉ ሲጠነክር ጫፉ ይደክማል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ራሱ ተወልዶ ራሱ ያልቃል። መለከቱ ቍልፍ የለውም፤ ነፊው ድምፁን በከንፈሩ ብቻ ነው የሚያወጣው። ዋሽንቱ እንጨት ነው። የሁሉም መቃኛ ከዛሬው ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይል ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የአደን ኦቦ የሚሉት መሣሪያ ነገር ነው። ባኽ በብዙ ድርሰቱ ስሙን ጽፎአል፤ መሣሪያው ግን ምን ዓይነት እንደ ነበረ ተረስቶ ሌላ ኦቦ ይነፉለት ነበር። በላይፕሲክ አይኽንቶፕፍ የሚባል ጠራቢ በ1724 የሠራቸው ሁለት መሣሪያዎች በኮፐንሃገንና በስቶክሆልም ተገኙ። እነዚህ በተመረመሩ ጊዜ፥ እንደ ጨረቃ የጐበጠ ቆዳ የለበሰ እንጨት ሆኖ አፉ እንደ መለከት የናስ መሆኑ ታወቀ። የኮንሰንቱስ ተጫዋቾች ይህን መሣሪያ ወደ ሥራው ከመለሱት መካከል ናቸው።

ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን ምን ይጠቅማል? የአባቱን ብዕር የወረሰ ሁሉ የአባቱን ጽሕፈት አይጽፍም። በ1951 የጀርመኑ ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ ስለዚህ ነገር ኃይለኛ ነቀፋ ጽፎ ነበር። ባኽን እንወዳለን የሚሉት ሰዎች ባኽን የቤተ መዘክር ዕቃ አደረጉት፤ አሮጌ ድምፅ ማሰማት የድርሰቱን ጥልቀት ማሳየት አይደለም፤ የሚል ነበር ክርክሩ። ይህ ነቀፋ ብዙዎችን ይነካ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከአሮጌ መሣሪያ ጋር ደረቅና ሕይወት የሌለው አጨዋወት የሚያሰሙ ነበሩና። ሃርኖንኩርን ግን የሚነካው አይመስለንም። እርሱ የፈለገው የአሮጌውን ድምፅ መልክ ብቻ አልነበረም፤ የአሮጌውን ንግግር ሰዋስው ነበር።

ለዚህም የረዱት የቀድሞ መምህራን የጻፉአቸው የትምህርት መጻሕፍት ናቸው። ክቫንትስ በ1752 ስለ ዋሽንት፥ የባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል በ1753 ስለ ክላቪየር፥ የሞዛርት አባት ሊዮፖልድ በ1756 ስለ ቫዮሊን ጽፈዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ በኖታው ላይ ያልተጻፈው ብዙ ነገር ተጽፎ ይገኛል። አንድ ምሳሌ ብቻ እናቅርብ። አራት እኩል ድምፆች በተከታታይ ቢጻፉ የዘመናችን ተጫዋች እኩል አድርጎ ይመታቸዋል፤ እኩል ማድረጉንም እንደ ጥሩነት ይቈጥረዋል። ለቀድሞዎቹ ግን መጀመሪያው ድምፅ ጨዋ ነው፥ ሁለተኛው ምናምንቴ፥ ሦስተኛው መጠነኛ ጨዋ፥ አራተኛው እጅግ ደካማ ነው። ድምፅና ድምፅ ተጣልተው ጆሮን የሚወጉበት ቦታ ሲመጣ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ደካማው ስፍራ ይጠነክራል፤ ጠቡ በሚታረቅበት ቦታም ድምፁ ይለሰልሳል። ሁለት ድምፆች በአንድ ቅስት ቢታሰሩ ፊተኛው ይጸናል፥ ኋለኛው እንደ ሰው ልቅሶ እየሰለለ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የንግግር ሥርዓት ነው። በኛም ተነሹን ወዳቂ፥ ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ፊደሉን ጠራ ይባላል እንጂ አነበበ አይባልም።

ሃርኖንኩር ይህን አሳቡን በ1982 ባወጣው መጽሐፍ ገልጦታል፤ የመጽሐፉም ስም በአማርኛ «ሙዚቃ እንደ ድምፅ ንግግር» ብንለው ያስኬዳል። ከ1800 በፊት ሙዚቃ የሚናገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚስል ሆነ ይላል። የቀድሞው ሰሚ የሚነገረውን ለመረዳት መማር ነበረበት፤ የኋለኛው ሰሚ ግን ሳይማር እንደ ባሕር በሚጥለቀለቅ ድምፅ ውስጥ መዋኘት ይበቃዋል። የለውጡንም ምክንያት በፈረንሳይ አብዮት ላይ ያኖረዋል፤ በ1795 የቆመው የፓሪስ ኮንሰርቫትዋር የመምህርንና የደቀ መዝሙርን ግንኙነት አፍርሶ ለሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ የትምህርት መርሐ ግብር በቦታው ተከለ፤ ከዚያም ወዲህ ሁሉም ድምፅ እንደ ዜጋው እኩል ሆነ፤ ይላል።

ስለዚህ ነገር የራሳችንን ብንናገር፥ ሃርኖንኩር ምልክቱን በትክክል አይቶአል፤ ምክንያቱን ግን ጠባብ አድርጎታል። አብዮት ባልገባበት አገርም ያ ንባብ ጠፍቶአል። የባኽ የገዛ ልጆቹ እንኳ አባታቸው ገና በሕይወት ሳለ በሌላ ጣዕም መድረስ ጀምረው ነበር። ጣዕም ሲለወጥ የሚማረው ያንሳል፤ የሚማረው ሲያንስ መምህሩ የሚነግረው አጥቶ ዕውቀቱን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። ትምህርት ቤት ይህን ሊያፋጥነው ይችላል እንጂ ብቻውን አያደርገውም። ያም ሆነ ይህ፥ ስለ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙር የተናገረው ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ቃል ነው፤ ራሱም ከ1973 እስከ 1993 ድረስ በሳልስቡርግ ሞዛርቴውም በሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተምሮአል።

በ1969 ከቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ወጣ። የወጣበትንም ምክንያት ሲነግር፥ ሞዛርት በ1788 የደረሰውን 40ኛውን ሲምፎኒ ያነሣ ነበር። ይህ ድርሰት ለእርሱ የኀዘንና የድንጋጤ ነገር ነበር፤ በኦርኬስትራው ግን ጣፋጭና ለስላሳ ሆኖ ሲነገር፥ ሰሚውም በደስታ ራሱን ሲነቀንቅ ከወንበሩ ሆኖ ያይ ነበር። ይህን ከእንግዲህ ልጫወተው አልችልም ብሎ ተነሣ። የ40 ዓመት ሰው፥ የአራት ልጆች አባት ሆኖ የጸና ደመወዝ መተው ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በፊት ስሙን ያስታወቀው ሸክላ ነው። በ1964 የባኽን የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶዎች፥ በ1968 ታላቁን የሲ ንዑስ ቅዳሴ፥ በ1970 ደግሞ ሕማማት ዘማቴዎስን በሸክላ አስቀረጸ። በዚህ በመጨረሻው የሴት ድምፅ የለም፤ በባኽ ዘመን በላይፕሲክ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረው ከፍተኛውን ድምፅ የያዙት ልጆች ናቸው። ሜንደልስዞን ካነሣው ከ141 ዓመት በኋላ ያው ድርሰት በጥቂት መዘምራን፥ በአንጀት አውታርና በእንጨት ዋሽንት ተሰማ። የሰሙት በሁለት ተከፈሉ፤ አንዳንዱ የዘመናት አቧራ የተራገፈለት ሥዕል እንዳየ ተደሰተ፤ አንዳንዱም የተቈራረጠና ሸካራ ነው ብሎ አዘነ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን ልንዘገይበት የሚገባን የካንታታዎቹ ሥራ ነው። ባኽ በ1723 ላይፕሲክ ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየሰንበቱና ለየበዓሉ፥ ከዕለቱ ወንጌል ጋር የሚስማማ፥ ካንታታ የሚባል ድርሰት በየሳምንቱ ያህል ያዘጋጅ ነበር። እሑድ ይዘመራል፤ ሰኞ ሌላ ይጀመራል። ከእነዚህ ለኛ ዘመን የደረሱት 200 ያህል ናቸው። ሃርኖንኩርና የሆላንዱ ሊቅ ጉስታፍ ሊዮንሃርት ሥራውን ለሁለት ተካፍለው፥ አንዱ በቪየና አንዱ በአምስተርዳም ሆነው፥ ከ1971 ጀምሮ ሁሉንም በሸክላ ማስቀረጽ ጀመሩ፤ የፈጸሙትም በ1989 ነው። ባኽ በአንድ ሳምንት ያደረሰውን እነዚህ 18 ዓመት ፈጁበት ብሎ የሚስቅ ቢኖር፥ ባኽ የጠፋ ነገር መፈለግ እንዳልነበረበት ያስብ። በመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ ከሸክላው ጋር የኖታው መጽሐፍ ሙሉውን ታትሞ ይሰጥ ነበር፤ ሰሚው ጽሑፉን በዓይኑ እየተከተለ ንባቡን በጆሮው እንዲመረምር ነው። ሊቃውንት ካልሆኑ ሰዎች እጅ እንዲህ ያለ የፍርድ ሚዛን መስጠት የሚመሰገን ድፍረት ይመስለናል።

ሥራው ጉድለት የለበትም አንልም። የሕፃናቱ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ይናወጣል፤ ትንፋሻቸው የባኽን ረጃጅም ሐረግ ለመጨረስ ያጥራል፤ መለከት ነፊዎቹም በከንፈር ብቻ የሚገኘውን ድምፅ የሚስቱበት ጊዜ አለ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት የእንግሊዝ፥ የሆላንድና የጃፓን መሪዎች እነዚሁን ካንታታዎች በበለጠ ንጽሕና አስቀርጸዋቸዋል። ይሁን እንጂ የኋለኞቹ በተጠረገ መንገድ የሄዱ ናቸው። ደግሞም አንድ ሕፃን ስለ ሞት የተጻፈ ቃል በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲናገር፥ ያ መንቀጥቀጥ በንጹሕ ድምፅ የማይገኝ ነገር ያሰማል። በ1980 ሁለቱ ሊቃውንት የኤራስመስን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

በቴአትርም በኩል ሥራው ትልቅ ነው፤ እኛ ግን በአጭሩ እናልፈዋለን። ከ1975 ጀምሮ በዙሪክ ከቴአትር አዘጋጁ ከዣን ፒየር ፖኔል ጋር፥ በ1607 በማንቱዋ መጀመሪያ የታየውን «ኦርፌዎ» እና ሌሎቹን የሞንቴቬርዲ ኦፔራዎች አሳየ፤ ብዙ ሕዝብም ሦስት መቶ ዓመት ተኝቶ የነበረው ነገር የሚያስለቅስ ሆኖ አገኘው።

በዚያው በ1975 ለክርክሩ ሁሉ ዋና ማስረጃ የሚሆን ነገር ተደረገ። የአምስተርዳም ኮንሰርትገባው ኦርኬስትራ፥ ከ1899 ጀምሮ በመሪው በሜንገልበርግ ዘመን በየሆሳዕናው ሕማማት ዘማቴዎስን በታላላቅ መዘምራንና በከባድ ድምፅ ሲያሰማ የኖረው ኦርኬስትራ፥ ሃርኖንኩርን ጠርቶ ሕማማት ዘዮሐንስን እንዲመራ አደረገው። ተጫዋቾቹ የያዙት የዘመኑን ቫዮሊንና የዘመኑን መለከት ነበር። እርሱም መሣሪያቸውን አላስጣላቸውም፤ ንግግሩን አስተማራቸው፤ የትኛው ድምፅ እንደሚጠብቅ፥ የትኛው እንደሚላላ፥ ቃሉ ጥያቄ በሆነበት ቦታ ዜማው እንዴት እንደሚጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ኦርኬስትራ ጋር ብዙ ዓመት ሠራ፤ በ2000 የክብር መሪ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ አዶርኖ የቤተ መዘክር ዕቃ ያለው ነገር አንጀቱና እንጨቱ ከነበረ፥ ሃርኖንኩር አንጀቱና እንጨቱ ሳይኖር ያንኑ ሲያደርግ ታየ ማለት ነው።

ካራያንና ሃርኖንኩር የተስማሙ ሰዎች አልነበሩም። ያንዱ አሳብ ድምፅን እንደ ሐር ማለስለስ፥ የሌላው አሳብ ድምፅን እንደ ቃል ማስለየት ነበርና። በካራያን ከተማ በሳልስቡርግ በየበጋው በሚደረገው ታላቅ በዓል ሃርኖንኩር ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ካራያን በ1989 ከሞተ በኋላ በ1992 ነው። በተረፈ ሃርኖንኩር የባሮክ መሪ ብቻ ተብሎ መጠራትን አልወደደም፤ ሞዛርትን፥ ቤትሆቨንን፥ ብሩክነርን፥ ቬርዲንም መርቶአል። በ2001ና በ2003 የቪየና ፊልሃርሞኒክ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ቀን የሚያሰማውን የዳንስ ሙዚቃ እንኳ መርቶአል፤ ከዚያም ሰዎቹ የለመዱትን ቫልስ እንዳዲስ ነገር እንዲሰሙት አደረጋቸው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተቋረጠ ትምህርት በመጽሐፍ ሊቀጠል ይችላልን? ክቫንትስ የጻፈው ክቫንትስን አይተካም፤ መጽሐፍ አይቈጣም፥ ተማሪው ሲሳሳትም እጁን ይዞ አይመልሰውም። ሃርኖንኩርና ሊዮንሃርት እነዚያኑ መጻሕፍት ነበር ያነበቡ፤ ነገር ግን በካንታታዎቹ ሸክላ ላይ የሁለቱ ንባብ የተለያየ ነው፤ ያንዱ ሞቃትና ቍጡ፥ የሌላው ዝግ ያለና የተመዘነ ነው። ሃርኖንኩር ይህን ያውቅ ነበር። የባኽን እውነተኛ ድምፅ አገኘሁ ማለትን አልፈቀደም፤ እውነተኛ የሚለውን ቃል ሰዎች በሸክላው ሽፋን ላይ ሲጽፉት ይነቅፍ ነበር። ሕማማት ዘማቴዎስንም እንደ ገና ሲያስቀርጽ፥ በ2001 ለሕዝብ የወጣው ይህ ቅጂ በ1970 ከሠራው የተለየ ነበር። በልጆች ፋንታ ሴቶች ዘመሩበት፤ አካሄዱ ሌላ ሆነ፤ አንዳንዱ ሐረግ ቀድሞ የተቈረጠው ረዘመ። 30 ዓመት ቆይቶ የራሱን ንባብ አረመ። በ2002 የአሜሪካ የሸክላ ሥራ ሰዎች ግራሚ የሚሉትን ሽልማት የሰጡት ለዚህ ለኋለኛው ነው። እኛም ሁለቱን አስተያይቶ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል ብለን እናስባለን፤ በመጀመሪያው ውስጥ ግን የፈላጊው ጭንቀት አለ፤ እርሱን ደግሞ ሁለተኛው ሊሰጠን አይችልም።

በታኅሣሥ ወር 2015፥ 86ኛ ዓመቱን ሊያከብር አንድ ቀን ሲቀረው፥ በቪየና ወደ ሙዚቃው አዳራሽ የገቡ ሰዎች በፕሮግራሙ ውስጥ በገዛ እጁ የተጻፈ ደብዳቤ ታትሞ አገኙ። የአካሉ ኃይል ስላልፈቀደለት ከእንግዲህ ሥራውን እንደሚተው ይነግራቸው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፥ መጋቢት 5 ቀን 2016፥ ዛንክት ጌዎርገን በሚባል ትንሽ ከተማ ዐረፈ። አሊስ በ2022 ተከተለችው። ኮንሰንቱስ ሙዚኩስ ግን ከእርሱ በኋላም ሥራውን ቀጠለ።

ወደ ማንኛውም ኦርኬስትራ ሲሄድ የራሱን የኖታ መጻሕፍት ይዞ የመሄድ ልማድ ነበረው። በየገጹም ኖታው የማይናገረው ሁሉ በእርሳስ ተጽፎአል፤ ይህ ይጥበቅ፥ ይህ ይላላ፥ እዚህ ተንፍስ፥ ይህን አትቸኵልበት እያለ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ከቀሩት ጽሑፎቹ ጋር በሊንዝ በአንቶን ብሩክነር ዩኒቨርሲቲ፥ በስሙ በተሰየመው ቤት ይጠበቃሉ። ወጣቶች እየሄዱ ያነቧቸዋል፤ የእርሳሱ ምልክት በምን ፍጥነትና በምን ዓይነት ድምፅ ይነገር እንደ ነበረ ግን ከእርሱ ጋር የተጫወቱ ሰዎች ገና በሕይወት ስላሉ ይጠየቃሉ።